ላፕቶፕ ያለው ቢሆን ይመረጣል

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ የቤቱን ፕላን ሊያይ ወደ ዲዛይን ቢሮ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። የእንግዳ መቀበያው ሶፋ ሰው ይውጣል። ሥራ አስኪያጁ ታብሌታቸውን በጣታቸው ዳበስ ሲያደርጉት ሕንፃው ይሽከረከራል፣ ጣራው ይነሳል፣ ሳሎኑ ወለል ብሎ ይታያል። ወዳጄ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"መኝታ ቤቱን ትንሽ ሰፋ ብታደርጉልኝስ?" አላቸው።

"ምን ችግር አለ!" አሉና ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዘውን ገቡ።

ለካ ሥራው ያለው እዚያ ነው። አንዲት ወጣት ላፕቶፗን ሁለት መጻሕፍት ላይ አስቀምጣ፣ ትንሽ ማራገቢያ ደቅናበት ትሠራለች። ግድግዳውን ገፋ ስታደርገው ማሽኑ ስታክ አደረገ። እኛም ቆመን ቀረን። የሚሰማው የማራገቢያው ጩኸት ብቻ ነው።

"የቢሮው ነው?" አልኳት።

"ኧረ የራሴ ነው። ማስታወቂያው 'ላፕቶፕ ያለው ቢሆን ይመረጣል' ይል ነበር" አለችኝ። አንድ ማታ ሴቭ ሳታደርግ ተዘግቶባት የ4 ሰዓት ሥራ ጠፍቶ፣ የጠፋውን ስትስል እንዳነጋችም ነገረችኝ። ትርፍ ሰዓት ተከፍሏት እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች።

ልጅቷ ስትገዛው የተነገራት አንድ ነገር ነው፤ "ኮር አይ ሰቨን ነው!" ሻጩ አልዋሸም። ግን ለዓመታት በዚሁ ስም ሁለት ዓይነት ላፕቶፕ ሲሸጥ ኖሯል። ከቁጥሩ ኋላ "ዩ" የሚል ፊደል ያለው በ15 ዋት ገደማ፣ "ኤች" የሚል ያለው በ45 ዋት ገደማ እንዲሠራ የተበጀ ነው። ስማቸው አንድ፣ ጉልበታቸው ለየቅል። በዚያ ላይ ስስ ላፕቶፕ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ይህ አይታወቀውም። ሙሉ ሕንፃ ለተሸከመ ፋይል ግን የአህያ ጀርባ ላይ የግመል ጭነት ነው።

ተራ ኮምፒውተር እየናቅኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 አውቶካድ ሲወጣ ትልቁ ቁም ነገሩ፣ በውድ ማሽኖች ተወስኖ የነበረውን ንድፍ ወደ ግል ኮምፒውተር ማውረዱ ነበር። ያ ባይሆን ስንቱ ባለሙያ በር ላይ በቀረ! ታብሌትም ቦታ አለው። ሐሳብ ለመንደፍ፣ ሳይት ላይ ቆሞ በብዕሩ እርማት ለመጻፍ የሚያህለው የለም። ነገር ግን ያለቀ ሕንፃ ማሽከርከርና ሕንፃውን መሥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ብዙ ቢሮ የሚጠቀምበት ሬቪት ዛሬም የሚጫነው ዊንዶውስ ላይ እንጂ አይፓድ ላይ አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ ግን "ዛሬ እኮ ዓለም በታብሌት ነው የሚሠራው" አሉን።

"እንግዲያው እስቲ መኝታ ቤቱን በእርስዎ ታብሌት ያስፉልን" አልኳቸው።

"አይ፣ እሱ ለማሳያ ነው" አሉ።

የኔ ቅሬታም ይኸው ነው። ማሳያውን ቢሮው ገዛ፤ መሥሪያውን ሠራተኛዋ ገዛች። ሲግል የሚግለው የሷ፣ ሲበላሽ የሚበላሸው የሷ፣ የሚጠፋው እንቅልፍም የሷ ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ግን ለቢሮው ነው። በገጠራችን እንኳ በሬ ይዞ የመጣ አራሽ ባዶ እጁን ከመጣው ጋር እኩል አይቆጠርም፤ በሬው ድርሻ አለው። ላፕቶፕ ይዞ ለመጣ ሠራተኛስ ማን ያስብለታል? ቢሮው ማሽኑን ይግዛ፤ አልገዛም ካለም ኪራዩን ይክፈል።

ስንወጣ ያንን ሶፋ ደግሜ አየሁት። ምናለ ማስታወቂያው ላይ "ሶፋም ያለው ቢሆን" ብለው ቢጨምሩበት ኖሮ!