«ቀስት» ሲባል የትኛው ነው?
ርቀት በሚለካ የደጋን ማነጣጠሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ከውጭ አገር ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመለሱ የመሣሪያ መምሪያዎችና የስፖርት ደንቦች በበዙ መጠን የስያሜ ጥያቄም አብሮ ይበዛል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው መስክ ቃላቱ ጥቂት፣ ችግሩ ግን ሰፊ ነው፤ ይኸውም ለአደንና ለዒላማ ውድድር ከደጋን ጋር የሚገጠመው፣ ርቀትን በራሱ የሚለካው የኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ ነው። ለመነሻ የያዝነው በረቂቅ ደረጃ ያለ አንድ የመምሪያ ትርጉም ሲሆን፣ ዓላማችን ተርጓሚውን መንቀፍ ሳይሆን የተከተለውን መንገድ መመርመር ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ የብዙዎቻችን ነው።

ስያሜ ከመስጠት ነገሩን ማወቅ ይቀድማል። በተለመደው የደጋን ማነጣጠሪያ ላይ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ጥቂት ቀጫጭን ዘንጎች አሉ፤ እያንዳንዱ ለአንድ ርቀት፣ ለምሳሌ ለ20፣ ለ30፣ ለ40 ሜትር ተስተካክሎ ይቀመጣል። ርቀቱን በዐይን ገምቶ ተገቢውን ዘንግ የሚመርጥ ቀስተኛው ራሱ ነው። ጋርሚን የተባለው ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ዜሮ ኤ1 የተሰኘ መሣሪያና መሰሎቹ ግን ይህን ግምት ከሰው ላይ አንሥተውታል። ቀስተኛው እጀታው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን በዐይን የማይታይ የሌዘር ጨረር ወደ ዒላማው ሄዶ ይመለሳል፤ መሣሪያው የምልልሱን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላና በመስተዋቱ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ያበራል። ዒላማው በ40 ሜትር ላይ ቢሆን ጨረሩ 80 ሜትር የሚመላለስበት ጊዜ ከሰከንድ ቢሊዮንኛ 267 ያህሉ ብቻ ነው።

ርቀትን ማወቅ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ፍላጻ ከጥይት ጋር ሲነጻጸር ቀርፋፋ በመሆኑ ነው። በሰከንድ 85 ሜትር የሚጓዝ ፍላጻ 40 ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የመሬት ስበት ወደ ታች ይጎትተዋል። በ40 ሜትር ላይ ያለውን ዒላማ 30 ሜትር ነው ብሎ የገመተ ሰው፣ የአየሩን ግፊት ሳንቆጥር እንኳ፣ 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ይህ ስሕተት በውድድር ነጥብ ያሳጣል፤ በአደን ግን ቆስሎ የሚያመልጥ አውሬ ያተርፋል። እንግዲህ የጽንሰ ሐሳቡ እምብርት የርቀት ልኬት ነውና ስያሜውም ይህን መሸከም አለበት።

ረቂቁ መሣሪያውን «ርቀት ፈላጊ የቀስት እይታ» ይለዋል። ከመጨረሻው ቃል እንነሣ። «እይታ» የዐይን ድርጊት፣ ሲሰፋም የአስተሳሰብ አቅጣጫ ነው፤ መሣሪያን አያመለክትም። ቋንቋችን ጠመንጃን ከለመደ ጊዜ ጀምሮ «አነጣጠረ» ከሚለው ግስ «ማነጣጠሪያ» የሚል ስም ይዞ ይገኛል፤ እጅ ላይ ያለውን ትቶ ከባዕድ ቃል ጓዳ መበደር አያስፈልግም። ከባልደረቦቻችን አንዳንዶቹ «ደገነ» ከሚለው ግስ «መደገኛ» ቢባል ይመርጣሉ፤ ግሱ ከ«ደጋን» ጋር በሥር መቀራረቡም ለሐሳባቸው ውበት ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ መደገን መሣሪያውን በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መቀሰር ነው፤ ማነጣጠር ግን ዐይንን፣ ምልክትንና ዒላማን በአንድ መስመር ማዋል ነው። ስለ ሆነም «ማነጣጠሪያ» የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

«ፈላጊ»ም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ፈላጊ የጠፋበት ወይም የሚሻ ነው፤ ርቀት ግን የሚለካ እንጂ የሚጠፋ ነገር አይደለም። ከዚህ ላይ በ«መለኪያ»ና በ«ለኪ» መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ይጠቅማል። «መለኪያ» ሰው የሚለካበት ዕቃ ነው፤ «ለኪ» ግን የድርጊቱ ባለቤት ነው። ይህ ማነጣጠሪያ ለክቶ፣ አስልቶ፣ ነጥቡን በራሱ ስለሚያስቀምጥ «ርቀት ለኪ ማነጣጠሪያ» ቢባል ቅጽሉ ከባሕርዩ ጋር ይስማማል። «ርቀት መለኪያ ማነጣጠሪያ» ቢባል ግን አንባቢ ሁለት ዕቃ መስሎት ይደናገራል።

ከሁሉ የከፋው «የማዕዘን ካሳ» የሚለው ነው። ካሳ የተበደለ የሚቀበለው ነው፤ በተራራ ላይ ለቆመ ቀስተኛ ማን ምን ይክሰዋል? ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከከፍታ ወደ ታች በ30 ዲግሪ ሲነጣጠር ጨረሩ የሚለካው ርቀት 40 ሜትር ቢሆን፣ ለፍላጻው ዝቅታ ሒሳብ የሚያገለግለው በአግድም ያለው ርቀት 34.6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መሣሪያው ይህን ልዩነት ያቻችላል። «የተዳፋት ማካካሻ» ብንል ሥሩ ያው ሆኖ የቃሉ ቅርጽ ከፍርድ ቤት አውጥቶ ወደ ስሌት ይመልሰናል። «እስፒል» የተባለውም በቀድሞው መሣሪያ ላይ «ዘንግ»፣ በአዲሱ ላይ «የብርሃን ነጥብ» ቢባል ይበቃል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። «ቀስት» በግእዝ የሚገተረው መሣሪያ ነው፤ «ቀስተ ደመና» የሚለው ጥምር ይህንኑ ትርጉም እስከ ዛሬ ጠብቆ ይዟል። በዘመናችን አነጋገር ግን በመንገድ ምልክትና በሥዕል ላይ አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት ስንል የተወርዋሪውን ቅርጽ ማለታችን ነው። አንድ ቃል ገታሪውንም ተወርዋሪውንም ያዘ ማለት ነው። በተረት ወይም በግጥም ይህ ጉዳት የለውም። በደንብ ላይ ግን አለው።

ማስረጃ እንጥቀስ። ፖፕ ኤንድ ያንግ ክለብ በ1961 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ በሰሜን አሜሪካ በደጋን የታደኑ ትላልቅ እንስሳትን የሚመዘግብ ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባደረገው ማሻሻያ በፍላጻ ጅራት ላይ የሚገጠመውን መብራት ሲፈቅድ፣ በደጋኑ ላይ የሚታሰረውንና ርቀት ለመለካት ወይም ለማነጣጠር የሚረዳውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ግን ከልክሎ አቆየ። ይህን ደንብ «በቀስት ላይ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ማሰር ክልክል ነው» ብለን ብንመልሰው፣ ቀስትን ፍላጻ አድርጎ የሚረዳ አንባቢ የተፈቀደውን መብራት ትቶ የተከለከለውን ማነጣጠሪያ ይገጥማል። ትርጉሙ ተዛብቶ ብቻ አልቀረም፤ ተገልብጧል። በዓለም አቀፉ የቀስት ፌዴሬሽን የመስክ ውድድርም የአንዳንዱ ዒላማ ርቀት አስቀድሞ አይነገርም፤ መገመቱ ራሱ የውድድሩ አካል ነውና ርቀት ለኪ መሣሪያ አይፈቀድም። ዳኛውና ተወዳዳሪው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ቢረዱ ክርክሩ የሚነሣው በሜዳ ላይ ነው።

ስለዚህ በሙያ ጽሑፍ የሚገተረው «ደጋን»፣ የሚወረወረው «ፍላጻ»፣ ሁለቱን የሚያጣምደው ሙያ ግን «ቀስት» ተብሎ፣ ባለሙያውም «ቀስተኛ» እንደ ተባለ ይቆይ እንላለን። ደጋን የጥጥ መንደፊያ ነው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን ሁለቱም አውታር የተወጠረበት ጎባጣ እንጨት ናቸው፤ «ነደፈ»ም በግእዝ በፍላጻ መውጋት፣ በአማርኛ ጥጥን በደጋን ማፍታታት መሆኑ ዝምድናቸው የቆየ ለመሆኑ ይመሰክራል። ፍላጻ የመጽሐፍ ቃል ነው ለሚሉም መልሳችን አጭር ነው፤ ሌላ ትርጉም የማይሻማው ቃል ለደንብ ጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው።

ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፤
ደጋን፦ የሚገተረው መሣሪያ፤
ባለ መዘውር ደጋን፦ አውታሩ በመዘውሮች ላይ የሚዞር ደጋን፤
ፍላጻ፦ ከደጋን የሚወረወረው፤
ርቀት ለኪ የደጋን ማነጣጠሪያ፦ ርቀትን በራሱ ለክቶ የማነጣጠሪያ ነጥብ የሚያበራ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፤
የብርሃን ነጥብ፦ በመስተዋቱ ላይ የሚበራው ምልክት፤
የተዳፋት ማካካሻ፦ በዘንበልታ የተለካን ርቀት ወደ አግድም ርቀት የሚመልስ ስሌት።

«ኤሌክትሮኒክ»ና «ሌዘር» በአንባቢ ዘንድ የታወቁ በመሆናቸው እንዳሉ ይቀመጡ። ተርጓሚዎች እነዚህን ስያሜዎች በሥራ ላይ ፈትነው የሚጎረብጣቸውን ቢያመለክቱን፣ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት ለማረም ዝግጁ ነን።