የጀማሪ መምህርት አማካሪ ማን ይሁን?

ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ያወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ አዲስ መምህር ሁሉ የ2 ዓመት የሙያ ትውውቅ በአማካሪ መምህር እየተደገፈ እንዲፈጽም ያዛል። የሐሳቡ ተገቢነት አያከራክርም። ጉድለቱ በአፈጻጸሙ ላይ ነው፤ ይኸውም አማካሪው የሚፈለገው ከዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ መሆኑ ነው።

ከፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቃ ከመኪና መንገድ በራቀ ቀበሌ በብቸኛ ሴትነት የምትመደብ ወጣት፣ የትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀትን ከወንድ ባልደረቦቿ ትማር ይሆናል። ነገር ግን የት መከራየት እንደሚሻል፣ ሕፃን ታቅፎ እንዴት እንደሚያስተምሩ፣ ለርእሰ መምህርነት መቼ መወዳደር እንደሚገባ ለመጠየቅ ትቸገራለች። በሚመዝናት ሰው ፊት ድካሟን መግለጥም አይቀላትም። ይህ ሁሉ የግል ጉዳይ ተብሎ ከቅጹ ውጭ ይቀራል፤ ከሙያው ሊያርቃት የሚችለው ግን ይኸው ነው።

መልሱን የሚያውቁት በዚያው መንገድ ያለፉ ምሩቃት ናቸው። ስለዚህ ኮሌጁ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች የሚሠሩትን ነባር ምሩቃት መዝግቦ፣ እያንዳንዷን ከአንዲት ጀማሪ ጋር ቢያስተዋውቅ፣ ሁለቱ የገጠሩ ሰው ለገበያ ወደ ከተማ በሚወጣበት ቀን ሊገናኙ ይችላሉ። ግንኙነቱ ግን ሪፖርትና ነጥብ ሊጫንበት አይገባም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን መዝጋቱ ጉዳዩን ያከብደዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በእርሱ ላይ ብቻ የቆመ ምክርም አብሮ ይቋረጣል፤ በእኅትማማችነት የተመሠረተ ትስስር ግን ከሰዎቹ ጋር ይዘልቃል።