ጣና ዳር የሳይንስ ልቦለድ ሲታጭ

ከባሕር ዳር ወደ ጣና የሚያይ ሰው የደንገል ታንኳና የገዳም ደሴት ይታየዋል። ደራሲ ይስማዕከ ወርቁ ግን በ2001 ዓ.ም. ባሳተመው «ዴርቶጋዳ» ልቦለድ የጣናን ገዳማት፣ ሰላዮችንና የሕዋ ሳይንስን በአንድ ሴራ አጋጠማቸው። ድፍረቱ ይደነቃል! መጽሐፉ ተደጋግሞ ታትሟል፤ የአማርኛ አንባቢ የሳይንስ ልቦለድን እንደማይሸሽም አሳይቷል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ደራሲ ለሽልማት ሲታጭ ምን ይሰማዋል? ብዙ ጊዜ እንደ ተራ መዝናኛ በሚታይ ዘርፍ የሚጽፍ ሰው ሲታጭ፣ ከደስታው ጋር «በመጨረሻ ቆጠሩኝ» የሚል ስሜት ቢያድርበት አያስገርምም።

ደስታው ግን መርሕን አያስረሳም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ግዊን እ.ኤ.አ. በ1977 የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት የሆነውን ኔቡላን አልቀበልም አለች፤ የአገሯ የሳይንስ ልቦለድ ደራስያን ማኅበር የፖላንዱን ስታኒስላቭ ሌም የክብር አባልነት መሰረዙን በመቃወም ነበር። ሽልማቱ ለአይዛክ አሲሞቭ ሄደ። ጨዋ እምቢታ ማለት ይህ ነው።

ዘርፏ የታሪክ ልቦለድ ቢሆንም፣ የእኛዋ መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት ከታጩት የመጨረሻ ስድስት ደራስያን አንዷ ነበረች። ያሸነፈው ዳግላስ ስቱዋርት ነው፤ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ግን መታጨቷ ብቻውን የምሥራች ነበር።

ለአፍሪካ የሳይንስና የምናብ ልቦለድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ «ኖሞ» የተሰኘ ሽልማት አለ፤ የሽልማቱ ሰጪ ማኅበር አባላት ራሳቸው ያጫሉ፣ ራሳቸው ድምፅ ይሰጣሉ። የባሕር ዳር አንባቢዎች ሆይ፣ ለአማርኛው ዘርፍ የእናንተን የእጩዎች ዝርዝር ጀምሩ።