ምስጋና የሸፈናት እናት

እናት ስትሞት በክርስቲያኑ ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ በሞያሌም ሆነ በጎንደር፣ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ያው ነው። ተወለደች፣ ተዳረች፣ ወለደች፤ ሳትበላ አበላች፣ ሳትለብስ አለበሰች፤ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ አረፈች። ወረቀቱን የያዘው የቤተሰቡ ወጣት ድምፁ እየተቆራረጠ ይጨርሳል፣ ለቀስተኛው ከንፈሩን ይመጣል፣ ወረቀቱም ታጥፎ ኪስ ይገባል። በሳምንቱ ለሌላ እናት ስምና ቀን ብቻ ተለውጦ ቢነበብ ማንም ልዩነቱን አያውቅም። በወረቀቱ ላይ ውሸት የለም፤ ሴትዮዋም ግን የለችበትም።

ይህ የሚደርሰው ስማቸው ከሰፈር ባልወጣ እናቶች ላይ ብቻ አይደለም። ዶክተር አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፉ ደጋግሞ የተነገረላቸው «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» የሚለው ስያሜ ነው። ለክብር የተሰጠ ቢሆንም የሌላ ሰው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው፣ በወሎ ረሃብ ወላጅ ካጡት ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት ሴት ለዚያ ውሳኔ የከፈሉት ትዳራቸውንና ቤታቸውን ነው። ባላቸውም ዘመዶቻቸውም ተቃውመዋቸዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ከቤተሰብ ጋር የተደረገው ያ ሙግት፣ የተዘጋው በርና ያን ጊዜ የነበረው ብቸኝነት በስያሜው ውስጥ የሉም። «ራሷን ለሌላው የሰጠች» የሚባለው ምን ሰጥታ እንደሆነ ሳይነገር ሲቀር ምስጋናው ራሱ መሸፈኛ ይሆናል።

አይዳ እደማርያም እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው «ዘ ዋይፍስ ቴል»፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሚስት ወግ»፣ ይህን መሸፈኛ ለመግለጥ ከተሞከሩት ሥራዎች ጠንካራው ሊባል የሚችል ነው። መጽሐፉ የደራሲዋን አያት፣ የጎንደሬዋን የወይዘሮ የተመኙን ሕይወት ይተርካል። በ2019 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ሊትሬቸር የአንድን ቦታ መንፈስ አጉልቶ ላሳየ መጽሐፍ የሚሰጠውን የኦንዳቼ ሽልማት አግኝቷል። ደራሲዋ የወይዘሮ የተመኙ ልጅ የሆኑት የሐኪሙ የፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ልጅ ናት፤ እናቷ ካናዳዊት ናቸው፤ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። አያቷ በአማርኛ ያወጓትን ለዓመታት ስታዳምጥና ድምፃቸውን ስትቀዳ ቆይታ በእንግሊዝኛ ጻፈችው።

የተመኙ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሃያ ዓመት ያህል ለሚበልጧቸው ባለቅኔና ካህን ተዳሩ። ባላቸው ጸጋ በኋላ የጎንደር በአታ አለቃ ሆነዋል። ሴትዮዋ የጣሊያንን ወረራ፣ በጎንደር ላይ የወረደውን ቦምብ፣ የንጉሠ ነገሥቱን መውረድ፣ አብዮቱንና የእርስ በርስ ጦርነቱን አይተዋል፤ ልጆችም ቀብረዋል። አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜ ነው። ነገር ግን የመጽሐፉ ጉልበት ከእነዚህ ታላላቅ ክስተቶች የመጣ አይደለም።

ትረካው የሚራመደው በወራት ነው። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ እያንዳንዱን ምዕራፍ የወሩ አየር፣ ጾሙ፣ በዓሉና ሥራው ይከፍተዋል። ይህ ለውበት ብቻ የተመረጠ ቅርጽ አይደለም። የቤት እመቤት ዘመን የሚቆጠረው በነገሥታት ስም ሳይሆን በጾም መግቢያና መፍቻ፣ ብቅሉ በሚበቅልበትና ጌሾው በሚወቀጥበት ቀን ነው። መንግሥት ሲለወጥም እህሉ መሰጣት፣ ጥጡ መፈተል አለበት። «ደከመች» የሚለው አንድ ቃል እዚህ ወደ ሰዓታትና ወደ ጉልበት ይመነዘራል፤ አንባቢ ድካሙን በዓይኑ ያየዋል። አልፎ አልፎ የሚገቡት የእመቤታችን ተአምራትም የሴትዮዋን ጸሎት ከውጭ ሆነው የሚገልጹ ሳይሆኑ ከልቧ የሚወጡ ይመስላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን የተመኙ መልአክ አይደሉም። ይናደዳሉ፣ ያኮርፋሉ፣ ይፈራሉ። ባላቸው የሚወዷቸውም የሚመቷቸውም ሰው ናቸው፤ ደራሲዋ አንዱን ለሌላው ስትል አልደበቀችም። ያ ባል ሲታሰሩ፣ ከቤት መውጣት እንኳ የማይፈቀድላት የነበረችው ሴት ጉዳያቸውን ይዛ አዲስ አበባ ወርዳ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አቤት ትላለች። የቀብር ወረቀት ይህን «ለትዳሯ ታማኝ ነበረች» ብሎ ያልፈው ነበር። በመጽሐፉ ግን ታማኝነትና ድፍረት የማይለያዩበት፣ ምናልባትም ከደጅ ጥናቱ መካከል አዲስ ሴት የምትወለድበት ቦታ ነው። የመታትን ሰው ስም ለማስመለስ የምትሟገት ሴት በቀላሉ የምትመሰገን አይደለችም፤ የማትረሳውም ለዚህ ነው።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ርዕሱ ራሱ ያከራክራል። ባሏ ከሞተ በኋላም ልጆች ያሳደገች እናት ሆና ሳለ በሚስትነት ብቻ ተጠርታለች። ትረካው እንደ ልቦለድ ወደ ባለታሪኳ ልብ ስለሚገባም የቱ የአያት ቃል፣ የቱ የልጅ ልጅ ግምት እንደሆነ የሚለይበት ምልክት ያንሰዋል። ለልቦለድ የሚያምር ነገር ለመታሰቢያ አደጋ አለው፤ ሟች ተነሥታ «እንዲህ አላልኩም» ልትል አትችልም።

ትልቁ ጉድለት ግን ደራሲዋ ልታመልጠው የማትችለው ነው። በዚያ ዘመን ወግ ሚስት ባሏን «እርስዎ» ስትል ባል ሚስቱን «አንቺ» ይላል። የስምንት ዓመት ሕፃንና የጎለመሰ ካህን መካከል ያለው ርቀት በአማርኛ በእያንዳንዱ ግስ ጫፍ ላይ ይሰማል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ያ ርቀት በግስ ሊሰማ አይችልም። አማርኛ የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን ሲያነብ ዓረፍተ ነገሮቹን በልቡ ወደ ተነገሩበት ቋንቋ እየመለሰ መሄዱ የማይቀር ነው፤ ሲመልስም አንዳንዱ ገጽ ከታተመው ይልቅ ይከብዳል።

ይህ ጉዳይ ሞያሌ ላይ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ እናት በአማርኛ፣ በቦረንኛ ወይም በቡርጂኛ ታወጋለች፤ ልጅ ትምህርት ቤት የሚማረው በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነው። የእናቱን ታሪክ ለመጻፍ አንድ ቀን ቢነሣ አይዳ የቆመችበት ቦታ ላይ መቆሙ ነው። የሚጻፍም አልጠፋም። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው በ2018፣ በመጋቢት ወር፣ ከኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ከተገደሉ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኬንያ ሸሽተዋል፤ ብዙዎቹ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከእነዚያ እናቶች አንዷ ስታርፍ «ሳትበላ አበላች» ተብሎ ይነበብላት ይሆናል። ያን ቀን ቤቱን ቆልፋ ወጥታ እንደሆነ ወይስ ክፍቱን ትታው፣ እሳት ላይ ምን ጥዳ እንደነበር፣ ከልጆቿ የትኛውን አዝላ የትኛውን በእጇ እንደያዘች፣ መንገድ ላይ ማንን እንደተቆጣች የሚጠይቃት ልጅ ካለ፣ የሚጠይቃት በሕይወት ሳለች ነው።