አጭር ግጥም በምን ይለካ?

የማራቶን ርቀት 42.195 ኪሎ ሜትር ሆኖ የቀረው በምዕራብ ለንደኗ ዋይት ሲቲ ምክንያት ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክ ሯጮቹ ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥተው በዋይት ሲቲ ስታዲየም፣ ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት ጨረሱ። ልኩ በ1921 ጸደቀ፤ በ1960 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ድል አደረገበት። የአጭር ግጥም ልክም እንዲሁ ነው፤ ማን እንደወሰነው ሳይሆን ምን እንደሚያስችል ይመረመራል።

በእንግሊዝኛ የፈጠራ ድርሰት ክፍሎች ሃይኩ የተለመደ መጀመሪያ ነው፦ ሦስት ስንኝ፣ 5፣ 7 እና 5 ቀለም። አሜሪካዊቷ አደሌድ ክራፕሲ የቀመረችው ሲንኬይን ደግሞ በ2 ቀለም ጀምሮ 4፣ 6፣ 8 እያለ ይሰፋና ድንገት ወደ 2 ይወድቃል።

እነዚህን ቅርጾች በአማርኛ የሚሞክር ሰው ፊደል መቁጠር አይበጀውም። «ቤት» በጽሕፈት ሁለት ፊደል ነው፤ ለጆሮ ግን አንድ ቀለም። ሳድሱ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። ፊደል ቆጥሮ 17 የሞላ ሃይኩ ሲነበብ የሚያጥረው ለዚህ ነው። ደግሞም የአማርኛ ጆሮ ባዶ አይደለም፦ የወል ቤት 6 በ6፣ ሰንጎ መገን 5 በ5 እየተከፈለ አሠልጥኖታል። የሃይኩ መነሻ 5 ቀለም ለሰንጎ መገን ጆሮ ቤተኛ ነው፤ 7ቱ ግን ዜማውን ይሰብረዋል። የሙከራው ትልቁ ጥቅም ይህ ስብራት ነው፤ ገጣሚው በልማድ ከሚፈስበት ቦይ ያወጣዋል።

ይሁንና ቅርጽ ቀምሶ ማለፍ አያዘልቅም። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ከዚህ ይለያል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ ጀማሪው ከባለ ሁለት ስንኙ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ባለ ሦስቱ ዘአምላኪየ በኋላ ይመጣል፣ ባለ ስምንቱ መወድስ ደግሞ እጅግ ዘግይቶ። ተማሪው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በቃሉ ይደርሳል፤ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያቀናለታል። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ተመልሶ ይቆጥራል። ሁለት ስንኝ ብቻ ቢሆንም መደበቂያ የለውም፤ የተረፈ ቃል ወዲያው ያጋልጠዋል።

ከኢትዮጵያዊት እናት በእንግሊዝ የተወለደው ለምን ሲሳይ ከአሥር ዓመት በላይ ማለዳ ማለዳ አጭር ግጥም ሲጽፍ ኖሯል፤ ከእነዚህ ባለ አራት ስንኞቹን በ2023 በመጽሐፍ አሳትሟል። የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቅርጹም የቅኔ አይደለም። በአንድ ልክ ላይ መቆየቱ ግን ከቅኔ ቤቱ ትጋት ጋር ያቀራርበዋል።

ዋይት ሲቲ ውስጥ የአማርኛ የድርሰት ክፍል ቢከፈት፣ መምህሩ በየሳምንቱ አዲስ ቅርጽ ማስተዋወቁን ትቶ ሁለት ቢመርጥ ይሻላል፦ ሃይኩንና በአማርኛ የተሞከረ ጉባኤ ቃናን። ተማሪዎቹ ግጥማቸውን ወረቀት ሳያዩ ይበሉት፤ እርማቱም እዚያው፣ በድምፅ ይሰጥ።