ፊልሙን የት ነው ያየኸው?

አምና አንድ ኮሜዲ ላይ ክፉ ሒስ ጻፍኩ። የፊልሙን ስም አሁን አልጠራውም፤ ያኔ ያደረስኩበት ይበቃዋል። ከጻፍኩት ውስጥ ግን አንዷን ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ በቃሌ አስታውሳታለሁ፦ «ቀልዱ ካለቀ በኋላ ካሜራው ተዋናዩ ፊት ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ ኤዲተሩን እንቅልፍ ወስዶት ይሆን?» በጊዜው ኮርቼባት ነበር። ሰውም ተቀባበላት፣ ሳቀባት።

ታናሽ እህቴ አልሳቀችም። እሷ ፊልሙን ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሲኒማ ቤት ገብታ ነው ያየችው። ጽሑፌን አንብባ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«የት ነው ያየኸው?»

«ስልኬ ላይ።»

«እና አላየኸውማ!»

ተናደድኩ። መጽሐፍ አልጋ ላይ ሆነህ ብታነበውም ቤተ መጻሕፍት ብታነበውም ያው መጽሐፍ ነው አልኳት። ፊልምም ፊልም ነው። ታሪኩ ያው፣ ተዋናዩ ያው፣ ቃሉ ያው። ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ማታ ስተኛ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም እውነቱ ከነገርኳትም የባሰ ነበር። ፊልሙን አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ልኮልኝ ነው ያየሁት። ማን እንደቀዳው አይታወቅም፤ ከሥሩ የሆነ ቻናል ስም ይሮጥበታል። ከጀሞ ወደ ሥራ በምሄድበት ታክሲ ውስጥ፣ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ፣ በ3 ቀን ከፋፍዬ ነው የጨረስኩት። ይሄን ሁሉ ለአንባቢ አልተናገርኩም። ልክ እንደማንኛውም ሐያሲ «ፊልሙን አየሁት» ብዬ ነው የጀመርኩት።

ፊልሙ ገና ከሲኒማ ቤት አልወረደም ነበርና ለክርክሩ ያህል ቅዳሜ እህቴን ይዤ ሄድኩ። ከፊልሙ በፊት ስለ ሒሳቡ ላውራችሁ፤ ስልክ ላይ የማየው በስንፍና ብቻ እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ።

ትኬት ለሁለታችን 500 ብር። ከጀሞ ቦሌ በሁለት ታክሲ፣ ለሁለት ሰው 70 ብር። ስንደርስ «ገና ነው» ተባልን። እስኪጀምር የሚቀመጡበት ቦታ የለም፣ ካፌ አለ፤ 2 ማኪያቶ 160 ብር። መግቢያው ላይ ቦርሳ ሲፈተሽ የእህቴ ቆሎ ተገኘ። ምግብ ከውጭ አይገባም ተብሎ ቆሎው ጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ቀረ፤ እኛ ፈንዲሻ በ150 ብር፣ 2 ውሃ በ80 ብር ገዝተን ገባን። ፊልሙ በተባለው ሰዓት አልጀመረም። ስንወጣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ የጀሞ ታክሲ የለም። በስልክ የጠራነው መኪና 550 ብር አስከፈለን። እህቴ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ ደመረችው፤ 1,510 ብር። «የአንድ ሳምንት ምሳዬ ነው» አለች፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ልብ በሉ፤ ትኬቱ የድምሩ ሲሶ ብቻ ነው። ሰው «ሲኒማ ተወደደ» ሲል ሁሌ ትኬቱን የሚል ይመስለኝ ነበር። የበለጠ የተወደደው ግን ደርሶ መመለሱ ነው፣ እዚያ እስኪጀመር መቆየቱም ነው። የድሮዎቹን ሲኒማ ቤቶች አስቧቸው። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ፒያሳ፣ ሲኒማ ራስ መርካቶ። ሰው የሚኖርበት፣ የሚነግድበት፣ በእግሩ ደርሶ በእግሩ የሚመለስበት ሰፈር ውስጥ ናቸው የተሠሩት። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ደግሞ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ተዛወረ። ትናንት አጠገቡ ለነበረ አዳራሽ ዛሬ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለበት። ትኬቱ ላይ አንድ ብር ሳይጨመር ሲኒማው ተወደደበት ማለት ነው።

ባለ ሲኒማውንም ለመውቀስ አልቸኩልም። ፕሮጀክተሩም መለዋወጫውም ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም በኪሳችን እናውቀዋለን። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። 1,510 ብር ከፍዬ ምን አገኘሁ? ታክሲ ውስጥ በነፃ ያየሁት ፊልም ላይ የሌለ ምን ነገር አለ?

ያቺ የተሳለቅኩባት ትዕይንት ደረሰች። ልጁ ለእጮኛው አባት ውጭ አገር እንደተማረ ዋሽቷል። አባትየው ቡናቸውን ፉት ብለው፣ በጣም በእርጋታ፣ እዚያው ከተማ 11 ዓመት እንደኖሩ ይነግሩታል። ካሜራው ልጁ ፊት ላይ ይቆማል። ታክሲ ውስጥ እያለሁ እዚህ ጋ ስልኬን ነካ አድርጌ ወደፊት አሳልፌው ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ግን ማሳለፍ የለም። መጀመሪያ አንድ ሰከንድ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ከኋላችን አንዲት ሴት «ውይ በሞትኩት!» አለች፣ ከልቧ፣ የራሷ ወንድም የተያዘ ይመስል። ከፊት አንዱ «በል እንግዲህ!» ብሎ መለሰላት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ በረድ ሲል ልጁ ምራቁን ዋጠ፤ እንደገና ሳቅ። እሱ ሲበርድ፣ ልክ ሲበርድ፣ ልጁ በቀጭን ድምፅ «የትኛው ሰፈር?» ብሎ ጠየቀ። አንድም ቃል በሳቅ አልተዋጠበትም። ኤዲተሩ ተኝቶበታል ያልኩት ጊዜ ለእኛ የተተወ ጊዜ ነበር። እኔ ብቻዬን ሆኜ ሳየው የሚሞላው ሰው ስለሌለ ባዶ ሆኖ ታየኝ።

ነገሩን ሳስበው የሚገርም አይደለም። ብዙ አንጋፋ የፊልም ተዋንያኖቻችን ከመድረክ የመጡ ናቸው። ሀገር ፍቅር ከ1927፣ ብሔራዊ ቲያትር ከ1948 ጀምሮ ለተመልካች የተጫወቱ ቤቶች ናቸው። የመድረክ ተዋናይ ሳቅ እስኪበርድ መጠበቅን ይማራል፤ ካልጠበቀ የሚቀጥለው ቃል ይጠፋበታል። ኮሜዲዎቻችን ይሄን ትንፋሽ ይዘው ወደ ስክሪን የመጡ ይመስለኛል። በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች ሲኒማ ቤት መታየት ሲጀምሩ፣ ከ«ቀዝቃዛ ወላፈን» ዓይነቱ ልብ የሚሰብር ድራማ እስከ «የወንዶች ጉዳይ» ዓይነቱ ኮሜዲ፣ ለሙሉ አዳራሽ ነው የተሠሩት። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ከፍተን «ይንዛዛል» ስንል ብዙ ጊዜ እውነታችንን ነው፤ አንዳንዴ ግን እየተንዛዛብን ያለው የእኛው አለመኖር ነው።

አዳራሹ አሞጋሽ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። የፊልሙ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ኤርፖርት ቆማ ታለቅሳለች፣ ሙዚቃው ይጮኻል። ስልኬ ላይ ሳየው፣ እውነት ለመናገር፣ ሆዴን ባር ባር ብሎኝ ነበር። ጽሑፌም ውስጥ ያመሰገንኩት ብቸኛው ክፍል እሱ ነው። አዳራሹ ግን አልተቀበለውም። ወንበር ይንቋቋ ጀመር፣ ስልኮች ቦግ ቦግ አሉ፣ ያቺው የኋላዋ ሴት «አሁንስ አበዛችው» አለች። ልክ ነበረች። በጆሮ ማዳመጫ ብቻዬን ስሰማ ሙዚቃው ያታለለኝን ነገር 200 ሰው አንድ ላይ ሆኖ አልታለለም። ስለዚህ ሒሴ በሁለቱም በኩል ስቷል። ጥሩውን ነቅፌ፣ ደካማውን አሞግሼ ወጥቻለሁ።

«ዘመኑ ተለውጧል፣ ስልክ ሲኒማን ገደለው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ግን እስኪ እሁድ ወደ ማታ በየሰፈራችሁ ያለውን ዲኤስቲቪ ቤት እዩት። ጨዋታውን በስልክ መከታተል ይቻላል፣ ጎሎቹ ደግሞ ወዲያው በቴሌግራም ይመጣሉ። ሆኖም ቤቱ ጢም ብሏል። እኛ ሰፈር መግቢያው 30 ብር ነው። አግዳሚው ይቆረቁራል፣ አየሩ ይታፈናል፣ የፊትህ ሰው ጎል ሲገባ ተነስቶ ይጋርድሃል፤ ሰው ግን ይገባል። ከልጅነታችን ቪዲዮ ቤት የወረስነው ነገር ነው ይሄ። እዚያም በ1 ብር ተጠጋግተን የሕንድ ፊልም እያየን፣ ቀድሞ ያየው ልጅ «አሁን ይመጣለታል!» እያለ ሲያበላሽብን አድገናል። አብሮ ማየት አልሰለቸንም። 30 ብር ከሆነና በእግር ከተደረሰ ዛሬም እንከፍላለን። ስልክ ያሸነፈው 1,510 ብሩን ነው።

አዲስ አበባ መጀመሪያ ፊልም ይታይበት የነበረውን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ታውቃላችሁ። ይሄን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንናገረው በአያቶቻችን ለመሳቅ ነው። እኔ አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል። ስሙ የወጣው ለቤቱ ነው። ጨለማው፣ ግድግዳው ላይ የሚንቀሳቀሰው ሰው፣ አጠገብህ አብሮህ የሚደነግጠው የማታውቀው ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነበር የሚያስፈራው። ፊልሙን ከቤቱ ለይተው አላዩትም፤ የለየነው እኛ ነን።

የዋጋው ነገር ደግሞ ተመልካች ላይ ብቻ አያቆምም፣ ፊልሙ ውስጥም ይገባል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከሞል ወጥቶ 550 ብር መኪና የሚጠራ ማን ነው? መኪና ያለው፣ ወይም ለፍቅረኛው ሲል አንድ ቀን የሚጨክን። ያን ቀን ከአዳራሹ ስንወጣ ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ አብዛኛው ጥንድ ጥንድ ነበር። እናት ከልጆቿ ጋር አላየሁም፣ ሽማግሌም አላየሁም። ከዚያ እኛ ሐያስያን ቁጭ ብለን «ለምንድን ነው ፊልሞቻችን ሁሉ ቪላ ውስጥ የሚያልቁት? ለምን ሀብታም ልጅ ከደሃ ልጅ ፍቅር ብቻ?» እያልን ደራሲውን እንወቅሳለን። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ፊልም ሠሪው ብሩን የሚመልስለትን ሰው እያየ ይጽፋል። አዳራሹ ውስጥ የጀሞ እናት ከሌለች ስክሪኑም ላይ የመኖሯ ነገር ያጠራጥራል።

ምን ይደረግ? የሲኒማ ቤት ባለቤት አይደለሁም፣ ሒሳቡንም አላውቅላቸውም። እንደ ከፋይ ግን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ረቡዕና ሐሙስ ቀን ወንበሩ ባዶውን ከሚውል በግማሽ ዋጋ አንድ ማሳያ ይኑር። የማታው ፊልም የታክሲ ሰልፍ ሳይበተን ይለቅ፤ በተባለው ሰዓት ቢጀመር ብቻ እንኳ ለኛ 550 ብር ይተርፍልን ነበር። ቆሎውም ይግባ፤ ቆሎ ፈንዲሻን አይገድለውም።

የኔ ድርሻ ደግሞ ይሄ ነው። ከአሁን በኋላ ሒስ ስጽፍ የመጀመሪያው መስመር ላይ የት እንዳየሁት እነግራችኋለሁ። ስልክ ላይ ከሆነ ስልክ ላይ፣ ከአዳራሽ ከሆነ ከአዳራሽ፣ ስንት እንዳስወጣኝም ጭምር። ስልክ ላይ ያየሁትን አልጽፍም አልልም፤ እንደዛ ካልኩ በወር አንድ ጽሑፍም አይወጣኝም፣ ከእናንተም አብዛኞቻችሁ የምታዩት እዚያው ነው። ግን «ይንዛዛል» ከማለቴ በፊት ለሳቅ የተተወ ቦታ መሆን አለመሆኑን እጠይቃለሁ። የድሮውን ጽሑፍ አላጠፋሁትም። ከላዩ «በስልክ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በ3 ቀን የታየ» የሚል ጨምሬበታለሁ።

እህቴ ረቡዕ የእረፍት ቀኗ ነው። በ8 ሰዓት የሚያሳይ አንድ ቤት አግኝታለች፣ በቀን ስለሆነ ታክሲም አለ። «ሒሳቡን ግማሽ ግማሽ» ብላኛለች። ቆሎውን በኔ ኪስ ነው የምናስገባው።