የዐይን ድርቀትና የሞባይል መተግበሪያ፦ በመተማ ዮሐንስ ሚዛን

እንደሚታወቀው የዐይን ድርቀት በሽታ በጤና ተቋሞቻችን ተገቢውን ትኩረት ካላገኙት የዐይን ሕመሞች አንዱ ነው። ሕመምተኛው «ዐይኔን አሸዋ አሸዋ ይለኛል፤ ያቃጥለኛል፤ ነፋስ ሲነካው ያነባል» ብሎ ይመጣል። እያነባ ያለን ዐይን «ደርቋል» ማለት ለሰሚው ግራ ስለሚሆን፣ ብዙ ጊዜ የአንቲባዮቲክ ቅባት ብቻ ተሰጥቶት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ትርጓሜ ግን በሽታው የዕንባ ማነስ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። የዕንባው ሽፋን ሚዛን መናጋት፣ የጨዋማነቱ መጨመርና የዐይን ገጽ መቆጣት አብረው የሚሄዱ ናቸው።

በመተማ ዮሐንስና በዙሪያው ባለው ቆላ ይህን ሚዛን የሚያናጋ ነገር ሞልቷል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን አለ። የሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞችን በፀሐይ፣ በነፋስና በአቧራ መካከል ያውላል፤ እናቶችም በጪስ በታፈነ ማእድ ቤት ይውላሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው ራሱን እንዲከታተል የሚያግዙ የሞባይል መተግበሪያዎች ለዚህ ሕዝብ ምን ይፈይዳሉ ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጥናት ከተደገፉት መተግበሪያዎች አንዱን በምሳሌነት አንሥቶ ጥቅሙንና ጉድለቱን መመዘን ነው።

«ድራይ አይ ሪዝም» የተባለው መተግበሪያ በጃፓን የጁንቴንዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ለሕዝብ ቀረበ። ተጠቃሚው ስለ አኗኗሩና ስለ ሕመሙ የሚቀርቡለትን ጥያቄዎች ይመልሳል፤ ሳያርገበግብ ዐይኑን ገልጦ የሚቆይበት ጊዜም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት ከ4,000 በላይ የሚሆኑ ተጠቃሚዎች መልስ ተመርምሮ፣ የድርቀት ምልክት ከታየባቸው ሰዎች ሦስት አራተኛ የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው በሐኪም ተነግሯቸው የማያውቁ ሆነው ተገኙ። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ በቤት የሚሞላ መዝገብ ሐኪሙ በአንድ ቀን ምርመራ የማያየውን ያሳየዋል። ይሁን እንጂ የዐይን መተግበሪያ ፈልጎ የሚጭን ሰው ቀድሞውኑ ዐይኑን የሚያመው ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩን ለጠቅላላው ሕዝብ መለኪያ ማድረግ አይገባም።

ወደ ጉድለቱ ስንመጣ መጀመሪያ የሚገጥመን መጠይቁ ነው። የዐይን ገጽ ሕመም መለኪያ በመባል የሚታወቀው ይህ መጠይቅ 12 ጥያቄዎች አሉት። አምስቱ ስለ ምልክቶች ናቸው። አራቱ በማንበብ፣ ሌሊት መኪና በመንዳት፣ በኮምፒዩተር ወይም በገንዘብ መክፈያ ማሽን በመጠቀምና ቴሌቪዥን በማየት ረገድ ስላለ ችግር ይጠይቃሉ። የቀሩት ሦስቱ ስለ ነፋስ፣ ስለ ደረቅ አየርና ስለ አየር ማቀዝቀዣ ናቸው። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ያገኛል። ድምሩ በ25 ተባዝቶ ለተመለሱት ጥያቄዎች ብዛት ይካፈላል። ከ33 ጀምሮ ያለው ውጤት ከባድ ድርቀት ይባላል።

አንድ የሰሊጥ አጫጅ ይህን መጠይቅ ሞላ እንበል። ስለ ምልክቶቹ 9፣ ስለ ነፋስና ደረቅ አየር 5፣ በጠቅላላው 14 ነጥብ አገኘ። አያነብም፤ መኪና አይነዳም፤ ኮምፒዩተርም ሆነ ቴሌቪዥን የለውም፤ አየር ማቀዝቀዣም አያውቅም። እነዚህ አምስት ጥያቄዎች «አይመለከተኝም» ተብለው ከተዘለሉ 14 በ25 ተባዝቶ ለ7 ሲካፈል ውጤቱ 50 ይሆናል፤ ይኸውም ከባድ ድርቀት ነው። «አላስቸገረኝም» ተብለው በዜሮ ከተሞሉ ግን ለ12 ስለሚካፈል ወደ 29 ይወርዳል፤ ያው ሰው መካከለኛ ሕመምተኛ ተባለ ማለት ነው። «አልሠራውም» እና «አያስቸግረኝም» የሚሉትን ሁለት መልሶች በጥንቃቄ ያልለየ የአማርኛ ትርጉም ቢቀርብ በአንድ ቃል ምክንያት የበሽታው ደረጃ ይዛባል።

ከዚህ የሚከፋው ግን መጠይቁ የማይጠይቀው ነገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው ሀገር አቀፍ የዐይን ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀዶ ሕክምና፣ በአዚትሮማይሲን እደላ፣ በፊት ንጽሕናና በአካባቢ ጽዳት ብዙ ተሠርቷል፤ የያኔዎቹ ሕፃናት ግን ዛሬ በሥራ ዕድሜ ላይ ናቸው። የትራኮማ ጠባሳ የዕንባን ሽፋን የሚያበጁትን ዕጢዎችና ሕዋሳት ስለሚጎዳ እውነተኛ ድርቀት ያስከትላል። የቆቡ ጠርዝ ሲቀለበስ ደግሞ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን ይፍቃል። ይህ ሰው «አሸዋ አሸዋ ይለኛል» ቢል ስልኩ ዐይኑን እንዲያሳርፍ ይመክረዋል፤ እርሱ የሚያስፈልገው ግን ቀዶ ሕክምና ነው።

ሁለተኛው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ዳፍንት የያዘው ወይም በዐይኑ ነጭ ላይ አረፋ መሳይ ነጥብ የታየበት ሕፃን በሰው ሠራሽ ዕንባ የሚታገዝ አይደለም። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ 200,000 ዩኒት ቫይታሚን ኤ ወዲያውኑ፣ በማግስቱና ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊሰጠው ይገባል። ሦስተኛው በአጨዳ ጊዜ በገለባ ወይም በእሾህ የተጫረ ኮርኒያ ነው። በፈንገስ የመመረዝ አደጋ ስላለበት፣ ከመድኃኒት መደብር ያለ ማዘዣ የተገዛ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ዐይኑን እስከ ማጥፋት ሊያደርሰው ይችላል። ለቶኪዮ የቢሮ ሠራተኛ ሁለት ሳምንት ራስን በራስ መከታተል ጉዳት ላይኖረው ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ላለበት የመተማ ሰው ግን የዐይን ዋጋ ያስከፍላል።

ለዐይን ድርቀት በተለምዶ የሚሰጡት ምክሮችም እንዲሁ በጅምላ የሚወሰዱ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ትልቅ ጥናት የኦሜጋ 3 እንክብል ከወይራ ዘይት የተሻለ ውጤት እንዳላስገኘ አሳይቷል፤ ስለዚህ ድኻውን ለዚህ ወጪ መዳረግ ተገቢ አይደለም። በአንጻሩ ሰፊ ባርኔጣና መነጽር ማድረግን፣ ጪስ መቀነስን፣ በንጹሕ ጨርቅና በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ ቆብን መተኮስን ማንም ጤና ሠራተኛ ሊያስተምር ይችላል።

ይህ ሁሉ ስልኩን እንጣለው ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ካርታ ሥራ የመጀመሪያ መረጃውን በስልክ የሰበሰበው በሀገራችን ነው። በዚያ ሥራ ስልኩ የነበረው ቆብ ገልጦ ማየት በሚችል የሠለጠነ ሰው እጅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዲጂታል መሣሪያዎች የጤና ሥርዓቱን የሚያግዙ እንጂ የሚተኩ አለመሆናቸውን አስገንዝቧል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱም ሊዘነጋ አይገባም፤ ያለ ኔትወርክ የማይሠራ መተግበሪያ ለዚህ አካባቢ አይሆንም።

ስለሆነም በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ለእኛ የሚዘጋጅ መተግበሪያ ከ12ቱ ጥያቄዎች አስቀድሞ አራት ነገሮችን መጠየቅ ይኖርበታል፦ ማየት ቀንሶብሃል ወይ? ሽፋሽፍት ይወጋሃል ወይ? ሲመሽ ማየት ያዳግትሃል ወይ? ዐይንህን የመታው ነገር አለ ወይ? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎ» ከሆነ ነጥብ መቁጠሩ ቀርቶ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት። ጥያቄዎቹም ማንበብ ለማይችል ሰው በድምፅ ሊቀርቡ ይገባል። እስከዚያው ድረስ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመጠየቅና ቆብ ገልጦ ለማየት ስልክ አያስፈልግም፤ ባትሪና ሁለት ንጹሕ እጆች ይበቃሉ።